የቦሌ ፍሪጆች ለሳይንስ ያበረከቱት አስተዋጽኦ

ምርምር ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታየው ነጭ ጋዋን የለበሰ፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ማይክሮስኮፕ ላይ የሚያፈጥ ሰው ነው። እኔም የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ከመቀጠሬ በፊት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ገብቼ ሳየው ግን የምርምር ትልቁ ክፍል ሸክም ነው። አንድን ነገር ከዚህ አንስተህ እዚያ ታደርሳለህ። የተሸከምከው እንዳይሰበር፣ እንዳይፈስ፣ እንዳይሞቅ መንገዱን ሙሉ ትጸልያለህ። ከዚያ በኋላ የሚያፈጠው ሌላ ሰው ነው።

ጋዋኑን ግን እኔም እለብስ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከሥራ ስወጣም አላወልቀውም። መገናኛ ጋ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው «ዶክተር፣ ይቺ ጉልበቴ…» ሲሉኝ ደስ ይለኛላ! የእኔ ሙያ ብልቃጥ ማጠብና ደም በማሽከርከሪያ ማሽከርከር ነው። ለጉልበታቸው ግን «ብርድ ነው አባባ፣ ሞቅ አድርገው ይያዙት» ብዬ ስመክር ድምፄ ሁሉ ይወፍር ነበር። እስካሁን ማንም ተመልሶ መጥቶ አልወቀሰኝም፤ ወይ ተሽሏቸዋል፣ ወይ መሄድ አቅቷቸዋል።

ይህን ሁሉ የማወራው የምስጋና ዕዳ ስላለብኝ ነው። የምርምር ጽሑፍ አንብባችሁ ከሆነ መጨረሻው ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ የምስጋና ቦታ አለ። እዚያ ላይ ዲኑ ይመሰገናል፣ ሚኒስቴሩ ይመሰገናል፣ የውጭ አገሩ ላቦራቶሪ ይመሰገናል። እኛ በደርግ ዘመን በሠራነው የኩፍኝ ጥናት መጨረሻ ላይም እነዚሁ ሁሉ ተመስግነዋል። እትዬ ለተብርሃን፣ ጋሽ ሰይድና ጓድ ተፈራ ግን የሉበትም። አለቃዬን «እነሱስ?» ብላቸው «ሳይንስ ባለሱቅ አያመሰግንም» አሉኝ። እኔ ሳይንስ ስላልሆንኩ አመሰግናለሁ።

አለቃዬ ዶክተር ስንዱ ይባላሉ። አጭር ናቸው፣ ፈጣን ናቸው፣ ስድብ የሚባል አያውቁም። በጣም ሲናደዱ የሚሉት «ግሩም ነው» ነው። እሳቸው «ግሩም ነው» ያሉ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ የምንገባበት ይጠፋን ነበር።

ጥናታቸው እንዲህ ነው። ወሎ ቆላው ውስጥ አንድ ወረዳ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ተከትበዋል። ሪፖርቱ ያማረ ነው፤ በዚያ ዘመን ያላማረ ሪፖርት ማን ይጽፋል? ነገር ግን ከተከተቡት መካከል ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ወደ ጤና ጣቢያው መምጣት ጀመሩ። ዶክተር ስንዱ «ክትባቱ በልጆቹ ደም ውስጥ ሥራውን ሠርቷል ወይስ አልሠራም?» ብለው ጠየቁ። ይህን የሚነግረው የልጆቹ ደም ብቻ ነው። ስለዚህ እሳቸው መርፌ፣ እኔ ሣጥን ይዘን በላምበረት በኩል ወጣንና ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ስንውጥ ሄደን ደረስን።

እናቶቹ ተሰብስበው ጠበቁን። ከፊት ዘሀራ የምትባል፣ ልጇን ከጀርባዋ ያላወረደች ቀጭን ሴት ቆማለች። በዚያ አገር ለሐኪምም ለዳኛም አንቱታ የለም።

«ያኔ መርፌ አመጣችሁና ወጋችሁልን። እሺ አልን» አለች። «አሁን ደሞ ደማቸውን ልትወስጂ ነው የመጣሽ?»

ዶክተር ስንዱ አስረዷት። ዘሀራ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «ስንት ጊዜ ትወጊያቸዋለሽ?» አለች።

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«በይ ማይልኝ።»

ዶክተር ስንዱ እንደ ሰው ልማድ «ሙች» ብለው ሊያልፉት ነበር። ዘሀራ ግን ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አልነቀለችም። በመጨረሻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሁለተኛ እነዚህ ልጆች ላይ መርፌ ይዤ ብመጣ የወለድኩትን አያሳድግልኝ!» ብለው ማሉ። ዘሀራ ልጇን ከጀርባዋ አወረደችና የመጀመሪያዋ ሆና ክንዱን ሰጠች። ሌሎቹም ተከተሉ።

ደሙን በበረዶ ይዘን አዲስ አበባ ተመለስን። ደም ሲሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጥና ከላይ ጠጅ የመሰለ ፈሳሽ ይቀራል፤ ሴረም ይሉታል። ያንን በትንንሽ ብልቃጥ ሞልተን፣ ብልቃጦቹን በበረዶ መሃል ደርድረን፣ ነጭ የፎም ሣጥን ውስጥ አሸግን። ምርመራው የሚሠራው ውጭ አገር ስለነበር ሣጥኑ ቦሌ ሄዶ የከሰዓቱን አውሮፕላን መሳፈር አለበት። ከሞቀ ተበላሸ። ከተበላሸ ደግሞ ዶክተር ስንዱ ወይ ጥናቱን ይተዉታል፣ ወይ መሐላቸውን አፍርሰው ዘሀራ ፊት በመርፌ ይቆማሉ። እሳቸው ራሳቸው እንዳይወስዱት ስብሰባ አለባቸው፤ ያን ጊዜ ከሥራ መቅረት ይቻል ነበር፣ ከስብሰባ መቅረት ግን ያስጠይቃል። ስለዚህ «አንተ የቦሌ ልጅ ነህ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ» ብለው ሣጥኑን ለእኔ አስረከቡኝ።

እኔ ደግሞ ኤርፖርት ሲባል ጋዋኔን ካልተኮስኩ አልሄድም አልኩ። ስተኩስ፣ ካራቫት ስበደር፣ የተበደርኩትን ካራቫት የሚያስርልኝ ሰው ስፈልግ ረፈደ። በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ቦሌ መንገድ አፍ ላይ ስንደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ከወንድማማች አገር አንድ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ግራና ቀኙን የቀበሌ ሕዝብ ባንዲራ ይዞ ተኮልኩሏል።

«ወዴት ነው?» አለ ፖሊሱ።

«ኤርፖርት። የምርምር ናሙና ይዤ ነው።»

«እንግዳው ሲያልፍ ይከፈታል።»

«እንግዳው መቼ ነው የሚያልፈው?»

ፖሊሱ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። በዚያን ዘመን እንግዳው መቼ እንደሚያልፍ የጠየቀ ሰው «ለምን ፈለግከው?» መባሉ አይቀርም። ሾፌራችን ይህን ከእኔ ቀድሞ ስለተረዳ ከነሣጥኔ አውርዶኝ፣ «በርታ» ብሎኝ፣ መኪናውን አዙሮ ሄደ።

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሣጥኑን አቅፌ በውስጥ ለውስጥ ወደ ሰፈሬ ሳዘግም ክንዴ ራሰ። ላብ መስሎኝ ነበር። ለካ በረዶው እየቀለጠ ነው።

ሰፈራችን መግቢያ ላይ ያለው የጋሽ ሰይድ ሱቅ ስልክ አለው። ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ የስልኩን መደወያ በትንሽ ቁልፍ ይቆልፋሉ፣ ቁልፉን ደግሞ ኮፍያቸው ሥር ያስቀምጣሉ። ኮፍያቸውን አንስተው ከፈቱልኝ። ዶክተር ስንዱ ከስብሰባ ተጠርተው ስልኩ ላይ መጡ። የሆነውን ነገርኳቸው።

«ግሩም ነው» አሉ።

ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግኩት።

«ስማ። ፍሪጅ ፈልግና አስገባው። እንዳይሞቅም፣ በረዶ እንዳይሆንም። እንግዳው እንዳለፈ ሮጠህ አድርስ። ደግሞ አደራህን ሣጥኑን እንዳትከፍተው። እኔ ሁለተኛ መርፌ ይዤ እዚያች ሴትዮ ፊት አልቆምም!»

የጋሽ ሰይድ ፍሪጅ ፊት ለፊቴ ነው፤ ግን በለስላሳ ጢም ብሏል። በዚያ ላይ የያዝኩት ደም ነክ ነገር መሆኑን ለእሳቸው ለመንገር አፈርኩ። ደግሞም በሰፈሩ የታወቀው ፍሪጅ የእሳቸው ሳይሆን የእትዬ ለተብርሃን ነው።

እትዬ ለተብርሃን የቤት አከራዬ ናቸው። ባለቤታቸው የአሰብ መስመር ሾፌር ስለሆኑ ያን ፍሪጅ ከአሰብ ጭነው ያመጡላቸው ቀን ሰፈሩ «እንኳን ደስ ያለሽ» ሊል ተሰልፎ ነበር። ፍሪጁ የተቀመጠው ሳሎን ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ከፍ ባለ ክብር። ላዩ ላይ በእጃቸው የጠለፉት የአበባ ዳንቴል ተነጥፎበታል፣ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ ጽጌረዳ አለ። በሩ ይቆለፋል። እኔ በዚያ ግቢ ስኖር ሲከፈት አይቼ አላውቅም።

«ወይ ጉድ! የሕፃናት ደም?» አሉና ሳያስጨርሱኝ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈቱ። «አምጣው እንጂ፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ!»

በሩ ሲከፈት ውስጡ ብርጭቆ ነው። የሠርግ ብርጭቆ፣ የቡና ስኒ፣ የፎቶ አልበም፣ ከታች ደግሞ በጋዜጣ የተጠቀለለ የዓመት በዓል ጫማ።

«እትዬ፣ ይህ ፍሪጅ አይሠራም እንዴ?»

«ለምን አይሠራም? አዲስ ነው!» ብለው ተቆጡ። «መብራት ይበላል ስላሉኝ አልሰካሁትም እንጂ።»

ብርጭቆውን አንድ በአንድ እየተቀባበልን አወጣን። እሳቸው ሽቦውን ከፍሪጁ ጀርባ ጎትተው ሰኩት። ፍሪጁ ለብዙ ዓመት ሰላማዊ ኑሮ ኖሮ ድንገት የተቀሰቀሰ ስለሆነ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ እንደ አሮጌ ሎንቺና አጓራ፣ ከዚያ ጧ! የግቢው ፊውዝ ተቃጠለ። ከየቤቱ ተከራይ ሁሉ እየወጣ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ሲል እኔ በተተኮሰ ጋዋንና በካራቫት ሣጥን አቅፌ በብርጭቆ መሃል ቆሜያለሁ። ከተከራዮቹ አንዷ ዕቃ ጠቅልዬ ከቤት የምወጣ መስሏት «ምነው፣ ተጣላችሁ?» አለችኝ።

እትዬ ለተብርሃን አላፈሩም፣ አልተበሳጩም። የተቃጠለባቸውን አንዴም አላነሱም። ዳንቴሉን ከፍሪጁ ላይ ገፈው ውኃ ነከሩና ሣጥኑን አለበሱት። «ፀሐይ እንዳይመታቸው» አሉ፤ ብልቃጦቹን ማለታቸው ነው። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው «ና ወደ ሰይድ፤ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» ብለው ከፊት ከፊቴ ሄዱ። እግዜር ይስጣቸው። ያን ቀን እሳቸውን ባላገኝ ኖሮ ሣጥኑን ታቅፌ አልቅሼ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ደም የሚለውን ቃል ሲሰሙ እጃቸው መቁጠሪያው ላይ ቆመ። ዞር ብለው ለስላሳቸውን አዩ፣ ወተታቸውን አዩ።

«የማን ደም ነው?»

«የሕፃናት ነው ጋሽ ሰይድ። ኩፍኝ ሊመረመርላቸው ነው።»

«የየት አገር ሕፃናት?»

የወረዳውን ስም ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ያ አላህ! የእናቴ አገር እኮ ነው! ቅድም ስልክ ስትደውል ለምን አልነገርከኝም?» ብለው ለስላሳውን እያወጡ ባንኮኒው ላይ ይደረድሩ ጀመር። «የአገሬ ልጆች እቤቴ ድረስ መጥተው ፀሐይ ላይ ላቁማቸው? አብሽር፣ አስገባ!»

ልብ በሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ የቆመ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ጉሮሮው ደርቆ በዚያ ሱቅ በር ያልፋል። ለባለሱቅ እንዲህ ያለ ቀን በዓመት ስንት ጊዜ ይገኛል? ሰዉ እየመጣ «ቀዝቃዛ አለ?» ሲል ጋሽ ሰይድ «የለም» ይላሉ። «ያ ፍሪጅ ታዲያ?» ሲሉዋቸው «ውስጡ እንግዳ አለ» ብለው የሞቀ ለስላሳ ያቀርባሉ። የሚገዛው ጥቂት ነው፣ የሚሰድበው ብዙ ነው። እሳቸው ሁሉንም «አብሽር» እያሉ ሸኙ። እኔ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጬ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አሁን ስጽፈውም ያው ነው።

ሳይንስ በጋሽ ሰይድ ፍሪጅ ውስጥ ጥሩ እየሄደ ሳለ መብራት ጠፋ።

ፍሪጁ አንድ ጊዜ ተነፈሰና ዝም አለ። ጋሽ ሰይድ በሩን በእጃቸው ገፍተው ያዙት፤ ቅዝቃዜው አምልጦ እንዳይወጣ ይመስል። እትዬ ለተብርሃን ወደ ሰማይ አዩ። በዚህ መሃል የበሩን ብርሃን አንድ ሰው ሸፈነው።

ጓድ ተፈራ ነው፤ የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ። ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ትከሻው ላይ ጠመንጃ። ለአቀባበል ያልወጣ ሰው ሲያስስ ነው እኛን ያገኘን።

«ጓዶች፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ እናንተ ሱቅ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?» ካለ በኋላ ዓይኑ ጋሽ ሰይድ ተጣብቀው የያዙት ፍሪጅ ላይ አረፈ። «ውስጡ ምንድን ነው?»

አሁን «የሕፃናት ናሙና ነው» ብል በቃ ነበር። እኔ ግን ጋዋን ለብሻለሁ፤ ጋዋን የለበሰ ሰው ደግሞ አጭር መልስ አይሰጥም። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ጉዳዩ ባጭሩ፣ ጠላት ሰርጎ ሲገባ የሚመክት ሠራዊት በውስጥ መደራጀት አለመደራጀቱን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ወደ ውጭ አገር ልንልከው ነው» አልኩት።

የጓድ ተፈራ ጠመንጃ ከትከሻው ወረደ።

«የት ነው የተደራጀው?»

«በደም ውስጥ!»

«ማነው ያደራጀው?»

«ዶክተር ስንዱ ናቸው… ማለቴ እሳቸው የሚያጣሩት ነው…»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ዝጋ!» አሉ እትዬ ለተብርሃን፤ ጠላቴ ከተናገረብኝ ይልቅ እኔ ራሴ ላይ የተናገርኩት እንደሚብስ ገብቷቸዋል። ጓድ ተፈራ ግን ሣጥኑን አስወጥቶ፣ ዳንቴሉን ገልጦ፣ ፕላስተሩን በጥፍሩ መላጥ ጀምሯል። ከከፈተው የቀረችው ቅዝቃዜ መሄዷ ነው። ዘሀራ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። ሣጥኑ ላይ በደረቴ ተኛሁበት።

«ጓድ ተፈራ፣ የኩፍኝ ነው! የሕፃናት የኩፍኝ ምርመራ ነው! ሞቀ ማለት ጠፋ ማለት ነው፣ በእናትህ!»

እጁ ቆመ።

«የኩፍኝ?»

«የኩፍኝ።»

ጓድ ተፈራ ጠመንጃውን መልሶ ትከሻው ላይ አደረገ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ታናሽ እህቴን የወሰዳት እሱ ነው» አለ። «ብርሃን እንዳያያት ተብሎ በሩ ተዘጋ። እኔ ውጭ ሆኜ በቀዳዳ እጠራት ነበር።» ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ መልሶ ለጠፈው፣ ዳንቴሉን አለበሰው፣ አስተካከለው።

«ተነስ!» አለኝ። «ጋዋንህን ቆልፍ። ተከተለኝ!»

ቦሌ መንገድ ላይ ወጣን። ፊት ጓድ ተፈራ፣ መሃል እኔ፣ ኋላ እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸውን አጣፍተው። ጓድ ተፈራ በየኬላው ክንዱ ላይ ያለውን ጨርቅ እያሳየ «አስቸኳይ ነው!» ይላል። ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም፤ አስቸኳይ ከተባለ አለመጠየቅ ነው ደኅናው። ሕዝቡ ግን የራሱን ግምት ገመተ። በነጭ ጋዋንና በካራቫት የተዘጋጀ ወጣት፣ በአበባ ጥልፍ የተሸፈነ ሣጥን በሁለት እጁ ይዞ፣ በታጠቀ ሰው ታጅቦ ባዶው አስፋልት መሃል ወደ ኤርፖርት ሲራመድ ምን ሊመስል ይችላል? ለእንግዳው የሚበረከት ስጦታ ነዋ! መጀመሪያ አንዲት ሴት እልል አለች። ቀጥሎ ተራው ሁሉ ተቀበላት። ጭብጨባው ከእኛ ጋር አብሮን ሄደ። ባንዲራ ተውለበለበልኝ። እኔም ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ግራና ቀኝ እጅ እየነሳሁ አለፍኩ።

«አትሳቅ!» ይለኛል ጓድ ተፈራ ሳይዞር።

«አልሳቅኩም፣ ፊቴ ነው።»

ኤርፖርቱ ልንደርስ ስንል ሞተር ሳይክሎቹ መጡ። ወደ ዳር ወጥተን ከሰልፉ ጋር ቆምን። ጥቁሩ መኪና ቀስ ብሎ ሲቃረብ ጓድ ተፈራ በጥርሱ መሃል «እጅህን አውለብልብ!» አለኝ።

«ሣጥኑን ማን ይያዝልኝ?»

ከበላይ አካል የመጣ አንድ ካድሬ ከወዲያ ማዶ እኛን እኛን ያያል። ጓድ ተፈራ አሰበ፤ የሣጥኑን አንድ ጎን ያዘ፣ እኔ ሌላውን ያዝኩ፣ ሁለታችንም ሣጥኑን ቀስ አድርገን ከራሳችን በላይ አነሳነውና ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አውለበለብነው። እንግዳው በመስኮቱ አየን። ፈገግ ብሎ ለሣጥኑ እጁን አነሳ። በቆላው ሕፃናት ስም ሰላምታውን ተቀብለናል።

ዕቃ መቀበያው ጋ ስንደርስ አውሮፕላኑ ገና አልተነሳም። አንድ ደልደል ያሉ ሠራተኛ ሣጥኑን ዳበስ አድርገው «በዚህ ሁኔታ አይደርስም» አሉ። ሰውየው ግን ያሉት ለመከልከል አልነበረም። በኋላ በር ገብተው ለተሳፋሪዎች መስተንግዶ ከተዘጋጀው በረዶ በከረጢት ሞልተው ተመለሱ። ዶክተር ስንዱ ሣጥኑን እንዳትከፍተው ብለውኝ ስለነበር ሰውየው በረዶውን ከውጭ ዙሪያውን አስረው፣ በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ከላይ ዳንቴሉን መለሱበት። እትዬ ለተብርሃን ዳንቴላቸው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ቆመው አዩና «በሰላም ይግባ» አሉ። የሰውየውን ስም እንኳን ሳልጠይቅ መጣሁ። የት እንዳሉ አላውቅም፤ ባሉበት ይመስገኑ።

መልሱ የመጣው ከክረምት በኋላ ነው። ዶክተር ስንዱ ቢሯቸው ጠሩኝ። «ሴረሙ ደኅና ደርሷል። አንድም የተበላሸ የለም» አሉ። ዘልዬ ልስማቸው ምንም አልቀረኝም። ፊታቸውን ሳየው ግን ተመለስኩ።

«ውጤቱስ ዶክተር?»

«ከልጆቹ የሚበዙት ምንም መከላከያ የላቸውም። ክትባቱ እዚያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞቆ ሞቷል። የተወጉት ውኃ ነው ማለት ይቻላል።» ወረቀቱን አጠፍ አደረጉት። «ሁሉም እንደገና መወጋት አለባቸው።»

ገባኝ። ያን ሁሉ ፍሪጅ ለፍሪጅ የተንከራተትነው ልጆቹ ሁለተኛ መርፌ እንዳያዩ ነበር። ከሞት የተረፈው ሴረም ደግሞ «ሁለተኛ ውጓቸው» አለ።

«ግሩም ነው» አልኩ። እሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅሱ አየኋቸው።

ተመልሰን ሄድን። በዚህ ጊዜ ሣጥናችን ውስጥ ያለው አዲስ ክትባት ነው፤ መንገዱን ሙሉ በረዶውን ስዳብስ ነው የደረስኩት። እናቶቹ ተሰብስበዋል፤ ዘሀራ ከፊት ናት፣ ልጇ አሁን በእግሩ ቆሟል። ዶክተር ስንዱ እኔ እንድናገር አልፈለጉም። ራሳቸው ፊቷ ቆሙ።

«መሐላዬን አፍርሼ ነው የመጣሁት» አሉ። «የመጀመሪያው ክትባት ጠፍቶ ነበር። እዚህ ሳይደርስ ሞቆ። ይህን የነገረን የልጆቻችሁ ደም ነው። እንደገና ካልወጋኋቸው ኩፍኝ ሲመጣ የሚያስቆመው የለም። እምቢ ካልሽኝ አልቀየምሽም።»

ዘሀራ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ዞር ብላ እኔን፣ የያዝኩትን ሣጥን አየች።

«ደማቸውስ ሳይሞቅ ነው እዚያ አገር የደረሰው?»

«ሳይሞቅ ነው» አልኳት። እንዴት እንደሆነ ልነግራት ፈለግኩ፤ ስለ ጋሽ ሰይድ፣ ስለ እትዬ ለተብርሃን፣ ስለ ጓድ ተፈራ። ግን «ብዙ ሰው ደከመላቸው» ብቻ አልኩ።

«አላህ ይስጣቸው» አለች። ጎንበስ ብላ የልጇን እጅጌ እስከ ትከሻው ሰበሰበችና ወደ ዶክተር ስንዱ ገፋ አደረገችው።

«በይ እንግዲህ ምን ትጠብቂያለሽ? ይሄኛውም ሳይሞቅ ቶሎ ውጊልኝ!»